ከረንት ስለሚመገቡ ባክቴሪያዎች፦ ጥያቄና መልስ

ሰናይት፦ ዶክተር፣ ባክቴሪያ ኤሌክትሪክ “ይበላል” ሲባል ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ከካቶዱ (ኤሌክትሮን ከሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምሰሶ) ኤሌክትሮን እየወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ያደርገዋል። በ2010 ስፖሮሙሳ ኦቫታ የተባለ ባክቴሪያ በግራፋይት ካቶድ ላይ ይህን ሲሠራ ታይቷል።

ቢኒያም፦ በቀን ስንት ያመርታል?

መልስ፦ በስንት አምፔር? ከረንቱን ሳትነግሩኝ አትጠይቁኝ። ለአንድ የአሴቲክ አሲድ ሞለኪውል 8 ኤሌክትሮን ይሄዳል። ስለዚህ 1 አምፔር ለ24 ሰዓት አንዲት ኤሌክትሮን ሳትባክን ቢፈስ 6.7 ግራም ገደማ ይገኛል፤ ከዚያ አያልፍም። አለፈ የሚለኝ ሰው ካለ መጀመሪያ የማየው ባክቴሪያው በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ የእርሾ ኤክስትራክት (ከእርሾ የተጨመቀ ምግብ) መኖሩን ነው፤ አሲዱ ከእሱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከረንት የሌለበት ማነጻጸሪያ ሥሩ፤ ባክቴሪያ የሌለበትም ሥሩ። ሁለቱንም!

ሄኖክ፦ ኤሌክትሮኑን በቀጥታ አይወስድም እኮ። ካቶዱ ላይ የሚፈጠረውን ሃይድሮጅን ነው የሚበላው።

ሰናይት፦ ሃይድሮጅን እምብዛም በማይፈጠርበት ቮልቴጅስ?

ሄኖክ፦ ከሕዋስ የወጣ ኢንዛይም ካቶዱ ላይ ተለጥፎ ሊፈጥረው ይችላል።

ሰናይት፦ እሱ በግልጽ የታየው በሚቴን ሠሪ (ሚቴን ጋዝ በሚፈጥር ረቂቅ ሕዋስ) ላይ ነው፤ ለሁሉም አይሆንም።

መልስ፦ በቃ፣ እሱን ለብቻችሁ ጨርሱት። ከረንቱ ከፍ ሲል ሃይድሮጅን መብዛቱ አይቀርም።

ማርታ፦ አሲዱ እየቀነሰብኝ ነው፤ ጋዝ ግን ይወጣል። ምን ይሆን?

መልስ፦ የትኛው ጋዝ? ሳትለኪው እንዴት ልንገርሽ? የረቂቅ ሕዋሳት ድብልቅ ከሆነ ሚቴን ሠሪዎችን እጠረጥራለሁ፤ ሃይድሮጅኑን ይሻማሉ፣ አንዳንዶቹ አሲዱንም ይበላሉ። አኖዱ (ሌላኛው ምሰሶ) ላይ የሚወጣው ኦክስጅን ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) ሾልኮ እንዳይሆንም እዪ። አኖዱ ክፍል ክሎራይድ ያለው ጨው እንዳትጨምሪ፤ ክሎሪን ይወጣል።

ዮናስ፦ በቀን ስንት ያመርታል?

መልስ፦ ከላይ አለ።

ቢኒያም፦ ታዲያ አየሩን ያጸዳልናል?

መልስ፦ ሒሳቡን ሥራ። በ3 ቮልት ያለ ብክነት እንኳ ለ1 ኪሎ አሲድ ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.5 ኪሎ ገደማ ነው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 1 ኪሎ ገደማ ይለቃል። 1.5 ልትይዝ 11 ለቀቅህ!

ማርታ፦ አሲዱስ ከውሃው እንዴት ይለያል?

መልስ፦ በማፍላት አይደለም። ውሃው ቀድሞ ይተናል፤ አሲዱ የሚፈላው በ118 ዲግሪ ነው።