መልስ፦ በጭብጨባና በጉርምርምታ የሚታወክ ስብሰባ

ጠያቂያችን፣ በመንዝ የገብስ አምራቾች ማኅበራችሁ ጠቅላላ ጉባኤ የሒሳብ ሪፖርት ሲያዳምጥ አንዱ ወገን በጭብጨባ፣ ሌላው በጉርምርምታ ስለሚያቋርጥ ሰብሳቢው ምን ያድርግ ብለዋል። በቅድሚያ ሰብሳቢ ዳኛ አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ ችሎት የሚያውክን ሰው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 449 የሚቀጣ ሲሆን፣ የማኅበር ሰብሳቢ ግን መተዳደሪያ ደንቡና ጉባኤው ከሰጡት ሥልጣን ሊያልፍ አይገባም። ስለዚህ አጀንዳው እንደጸደቀ፣ ማንም ሳይቆጣ፣ ተናጋሪው ሳይጨርስ ጭብጨባም ሆነ ተቃውሞ እንዳይሰማ ጉባኤውን በድምፅ አስወስነው በቃለ ጉባኤ ያስፍሩት።

ጉርምርምታው ከተነሣ፣ እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ስብሰባ ስመራ እንደማደርገው፣ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርገው ዝም ይበሉ፤ በጩኸት ላይ ጩኸት መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። አንድ ጊዜ ከኋላ ሆነው ያጉረመርሙ የነበሩ ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ስምዎን መዝግቤአለሁ፤ ቀጣዩ ተናጋሪ እርስዎ ነዎት» ስላቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። የጠየቁት ስለ ማዳበሪያ ሒሳብ ነበር፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር፤ ቀደም ብዬ ዕድል ልሰጣቸው ይገባ ነበር።

ሰው ከአዳራሽ ማስወጣት ቂም ስለሚያተርፍ፣ ከዚያ በፊት የ10 ደቂቃ ዕረፍት ይስጡና የሁለቱንም ወገን ተሰሚ ሰዎች ለብቻ ያነጋግሩ።