ጀልባ ላይ ይሉኝታ የለም

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ በሙሉ ስለ ውሃ ሆኑ። ትምህርት ሲዘጋ ሰው ወደ ሐይቅ ይወጣል፣ ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅም ተመልሷል፣ ባቡሩም ጅቡቲ ያደርሳል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ድሬ ነው። መዋኘት የቻልኩት ግን ለሥራ ባሕር ዳር ከሄድኩ በኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ከጀልባ ሰዎች ጋር ስውል አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ። ከሐይቅ ርቆ ያደገ ሰው ጀልባ ላይ ሲወጣ መጠየቅ ያፍራል። ላይፍ ጃኬት ስጠኝ ብል ፈሪ ይሉኛል ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ከታች የማነሳው ነገር ብዙ ጊዜ ወደዚህ ይመለሳል፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ባለቤቴና እኔ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ሐዋሳ ልንሄድ ነው። ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። አንዳችንም ዋና አንችልም። ጀልባው ቢቀርብን ይሻላል ይሆን? (እናት፣ ከሳቢያን)

መልስ፦ እኅቴ፣ አይቅርባችሁ። ልጆቹ ሐይቅ መሃል ሆነው ወፎቹን ማየት አለባቸው። ግን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ላይፍ ጃኬቱን ቁጠሪ። አምስት ናችሁ፣ አምስት ይቅረብ፣ ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ የልጅ መሆን አለባቸው። ጃኬቱ ውስጥ ስንት ኪሎ ለሚመዝን ሰው እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ አለ፣ አንብቢው። የትልቅ ሰው ጃኬት ያጠለቀች የ4 ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ስትገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይሾልክና እሷ ታች ትቀራለች። መፈተኛው ቀላል ነው። አልብሰሽ፣ ማሰሪያውን ሁሉ ቆልፈሽ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። አገጯንና ጆሮዋን አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው። ለትናንሽ ልጆች በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። ስፖንጁንም በእጅሽ ጨምቂው፤ የደረቀ፣ የተቀደደ ወይም ውሃ የጠጣ ከሆነ መልሺለት።

ባለጀልባው «ኧረ ችግር የለም፣ እኔ እዚህ ያደግሁ ነኝ» ይልሻል። እውነቱን ነው፣ እሱ ችግር የለበትም፣ ይዋኛል። አንቺ ግን አትዋኚም። ጃኬት ከሌለው አመስግነሽ ወደ ሚቀጥለው ጀልባ ሂጂ። እኔ አንድ ጊዜ ጣና ላይ አፍሬ ያለ ጃኬት ወጣሁ። ከሰዓት ነበር፣ ነፋስ ተነሣ፣ ማዕበሉ ጠርዙን እያለፈ እግራችን ሥር ገባ፣ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት እናት ሕፃኗን በነጠላዋ ደረቷ ላይ አሥራ ስታለቅስ ነበር። በሰላም ደረስን። የዚያች ሴት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሌላው የሰው ብዛት ነው። ሁላችሁም ከተቀመጣችሁ በኋላ ከጀልባው ጠርዝ እስከ ውሃው ያለውን እዪ። አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከቀረ ከልክ በላይ ጭኗል፣ ውረዱ። ከባድ ሰዎች መሃል፣ ልጆች በወላጆቻቸው መሃል ይቀመጡ። ፎቶ ለመነሣት ሁሉም በአንድ ጎን መደገፍ ጀልባ የሚገለብጥ ነገር ነው። ከተገለበጠ ደግሞ ጀልባውን አትልቀቁ። ብዙ ጀልባ ተገልብጦም ይንሳፈፋል፣ የሚፈልጋችሁ ሰውም ከአንድ ጭንቅላት ይልቅ ጀልባ ቶሎ ያያል።

ሐዋሳ ጉማሬ አለው። ባለጀልባው ለማስደሰት ብሎ ሲጠጋ «ይበቃናል፣ እዚህ አቁምልን» በይው። ጉማሬ ሲጠልቅ የት እንደሚወጣ አይታወቅም፣ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባ ጀልባም መንገድ የዘጋበት ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ አቦ እኛ 8 ጓደኛሞች ነን። ሐይቅ ላይ ጀልባ ተከራይተን በርጫችንን እዚያው ብናደርግስ? አየሩም ጥሩ ነው። (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሐረር ልጅ ስለ በርጫ መምከር ይከብዳል፣ ግን ጥያቄውን አንተ አመጣኸው። ሰዓቱ ነው ችግሩ። ፀሐይ ስትጠነክር መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ከዚያ ነፋስ ይነሣል። ጠዋት መስተዋት የመሰለ ሐይቅ ከ7 እና ከ8 ሰዓት በኋላ ሌላ ይሆናል። ያ ደግሞ የበርጫ ሰዓት ነው። ጫት ረሃቡንም ድካሙንም ይሸፍናል፣ አፍ ያደርቃል፣ ፀሐዩ ከላይም ከውሃው ተንጸባርቆ ከሥርም ይመታሃል። ሰውነትህ ውሃ እያለቀበት እንደሆነ ሳታውቀው ሁለት ሰዓት ያልፋል። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ደግሞ «እስከዚያ ዳር እዋኛለሁ» ይላል፣ ውሃ ላይ ዳሩ ሁልጊዜ ቅርብ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ጨብሲ ከተጨመረበትማ አልነግርህም።

ጠዋት 1 ሰዓት ውጡ፣ 5 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ከሰዓት ዳር ላይ ዛፍ ሥር አንጥፉ፣ ሐይቁን እያያችሁ ቃሙ። ለሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ፣ ኮፍያም እንዳይቀር። ስልክና ገንዘብ በፌስታል ሁለቴ ተቋጥሮ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሐረማያ ላይ ከጓደኞቼ ጋር የማዝናኛ ጀልባ ልንጀምር ነው። ያገለገለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር አግኝተናል። ምን እንይ? (ከአዴሌ)

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ በጣም አስደሰተኝ። ልጅ ሆነን ከድሬ ደንገጎን ወጥተን ሐረር ስንሄድ አውቶቡሱ ውስጥ «ሐይቁ መጣ! ሐይቁ መጣ!» እየተባለ ሁሉም ወደ መስኮቱ ይዞር ነበር። በ1990ዎቹ ግን ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ተሳበ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ ተሳበ፣ ከተራቆተው ኮረብታ የታጠበው አፈርም ከሥሩ ሞላው። ሐረር ውሃዋን ከድሬ በኩል ካለው ሀሰሊሶ እስከ ማስመጣት ደረሰች። አሁን ውሃው ሲመለስ እናንተ ጀልባ ይዛችሁ ስትገቡ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ከዚያው ታሪክ የሚመጣ አደጋ አለ። ሐይቁ ደርቆ በነበረ ጊዜ ወለሉ ታርሷል፣ ለመስኖም ጉድጓድ ተቆፍሮበታል። ስለዚህ ጉልበት የሚደርስ የሚመስል ቦታ ድንገት ሊከዳ ይችላል። ደንበኞቻችሁ ከጀልባ ወርደው በእግር እንዳይሄዱ ከልክሉ። ጀልባ የምታመላልሱበትን መስመር አስቀድማችሁ በረጅም እንጨት እየለካችሁ እወቁት፤ ያረሱበትን ሽማግሌዎችም ጠይቁ፣ የት ምን እንደነበረ እነሱ ያውቃሉ።

ወደ ሞተሩ። ሐረማያ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር እዚያ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የእናንተ 15 ፈረስ ጉልበት 12 ገደማ ሆኖ ነው የሚሠራው፣ የሰውና የዕቃ ልኩን በዚያ አስቡ። ሲነሣ ከጎኑ ቀጭን ውሃ እየተፋ መሆኑን እዩ። ያ ማቀዝቀዣው ነው። ጭቃና ሣር ባለበት ውሃ ይህ ቀዳዳ ቶሎ ይደፈናል። ውሃ መትፋቱን ካቆመ ወዲያው አጥፉት፣ አለበለዚያ ይቃጠላል። ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ዘይት ከቤንዚን የሚቀላቀልበት ዓይነት ከሆነ ልኩን ከሞተሩ ጽሑፍ ላይ አንብቡ፣ በባጃጅ ልማድ አትገምቱ።

ከሞተሩ ጋር የምትመጣ ቀይ ጥምዝ ገመድ አለች። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላው የነጂው እጅ ላይ ይታሠራል። ነጂው ቢወድቅ ገመዷ ተነቅላ ሞተሩ ይጠፋል። ብዙ ሰው ሥራ ታስፈታኛለች ብሎ ይጥላታል። ከጠፋች ሳትገዙ ሥራ አትጀምሩ። ነጂ የሌለው ጀልባ ዞሮ ዞሮ የሚመጣው ውሃ ውስጥ ባለው ሰው ላይ ነው፣ ከኋላው የሚሽከረከረው ብረት ደግሞ ምሕረት የለውም። ቤንዚኑን ሦስት ላይ ክፈሉት፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ የማይነካ። ሁለት መቅዘፊያ ሁልጊዜ ይኑር።

ጥያቄ፦ በጥር ጅቡቲ ሄደን ባሕር ላይ በጀልባ ልንወጣ አስበናል። ማቅለሽለሹን ፈራሁት። (ከከዚራ)

መልስ፦ ወሩን ጥሩ መርጠሻል። በጋችን እዚያም ደህና አየር ነው፣ በክረምቱ ወራት ግን ሙቀቱ አይቻልም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሰው አይበላም፣ ምግቡ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ናቸው። ካየሽው አትንኪው፣ ጭራውንም ራቂ። ለማቅለሽለሹ ባዶ ሆድ አትውጪ፣ ጠግበሽም አትውጪ። ደረቅ ዳቦ በሻይ ይበቃል። ከጀልባው መሃል ወይም ወደ ኋላ ተቀመጪ፣ ዓይንሽን ሰማይና ባሕር በሚገናኙበት ላይ አድርጊ። ስልክ አትመልከቺ። ከፋርማሲ የሚገኘው ክኒን የሚሠራው ከመሳፈርሽ በፊት ስትውጪው ነው፣ ከጀመረሽ በኋላ ብዙም አይጠቅምም። እንቅልፍ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ሰው ውሃ ሲወስደው ዋና የማይችል ሰው ምን ያድርግ? ከወጣ በኋላስ? (ከመጋላ)

መልስ፦ ዘልለህ አትግባ። የሰመጠ ሰው ያገኘውን ይጨብጣል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው የሚሞተው ለዚህ ነው። መሬት ላይ በደረትህ ተኛና እንጨት ዘርጋለት። እንጨት ከሌለ ሁለት ሽርጥ ቋጥረህ ወርውር። ከሁሉም የሚሻለው በየቤታችን ያለው ቢጫ ጀሪካን ነው። ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑ ከጠበቀ 19 ኪሎ ያህል ይሸከማል፣ ውሃ ውስጥ ያለን ሰው አፍ ከውሃው በላይ ለማቆየት ደግሞ ጥቂት ኪሎ ይበቃል። እንዲወረወርልህ ትንሽ ውሃ፣ ግማሽ ሊትር ያህል፣ ተውበት። ገመድ እሠርበት። ሐይቅ ዳር ሽርሽር ስትሄዱ አንድ ያዙ።

ከወጣ በኋላ ሆዱን አትጫኑ፣ ዘቅዝቃችሁ አታንጠልጥሉ። ይህን ልማድ ሁላችንም አይተነዋል፣ ጊዜ ይበላል፣ ትውከቱንም ወደ ሳንባ ይመልሳል። መጀመሪያ አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኙ፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ ተንፍሱለት። የሰመጠ ሰው ያጣው አየር ነውና ትንፋሹ ይቅደም። ከዚያ ደረቱ መሃል ላይ 30 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና 30። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 የሚሆን ፍጥነት ነው። እርዳታ እስኪመጣ አታቁሙ። ተነሥቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ከሰዓታት በኋላ መተንፈስ ሊከብደው ይችላል።

ለድሬ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ደቻቱ አሸዋው ደርቆ ኳስ ስንጫወትበት ወንዝ አይመስልም። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። እዚህ ባይዘንብም ደጋው ላይ ከዘነበ ይመጣል። ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ልጆቻችሁን ከአሸዋው አስወጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ 68 ነው። ምድር ባቡር ስሠራ ኖሬ ጅቡቲን ስንቴ አየሁ፣ ባሕሩ ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም። አሁን ዋና መማር ይቻለኛል? (ከለገሃር)

መልስ፦ ጋሼ፣ በደንብ ይቻልዎታል። ልብና ደም ግፊትዎን አስቀድመው ይታዩ፣ ከዚያ ከተማችን ካሉት የሆቴል ገንዳዎች አንዱን ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ ይሂዱ። እስከ ወገብ ከሚደርሰው አይለፉ፣ የሚያምኑት ሰው አጠገብዎ ይቁም። መጀመሪያ የሚማሩት መንሳፈፍ ነው። ፊትዎን ውሃ ውስጥ አድርገው በአፍንጫ አየር ማስወጣትን ይለምዱ። ሲለምዱት የቆመው ሰው እጁን ከጀርባዎ ሥር ያድርግና በጀርባዎ ይተኙ፣ ሆድዎን ቀና፣ ጆሮዎን ውሃ ውስጥ፣ ዓይንዎን ወደ ሰማይ። አየር የሞላ ደረት ያንሳፍፋል። የሚያሰምጠው ፈርቶ ጭንቅላትን ማንሣት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃዎታል። እጁን ሳይነግርዎ ያነሣበት ቀን ሲመጣ ይጻፉልኝ፣ እጠብቃለሁ።