ጠዋት የምትነሳ፣ ሩብ ሰዓት ቆማ የምታኮርፍ መኪና

ከአጋሮ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ነገሩን ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ልንገርልህ። መኪናህ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ ሞተሯ ፎር ኬ። ጠዋት አንዴ ቁልፍ ስታዞርላት ትነሳለች። ጅማ ድረስ ነድተህ፣ መርካቶ አቁመሃት፣ ሩብ ሰዓት ቆይተህ ስትመለስ ግን እምቢ። ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። በስንት ልመና ስትነሳም ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ካንዴላ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው፣ ሁለት ጊዜ ተቀይሮላታል። ካርቡሬተሩ፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር አደባልቆ ለሞተሩ የሚሰጠው፣ ከአምስት ወር በፊት ተፈቶ "ሰርቪስ" ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ባሰባት። አንዱ ደግሞ "የጅማ ከፍታ ነው፣ አየሩ ሳስቶ ነው" ብሎሃል።

ከፍታውን እርሳው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ሲል ቤንዚኑ በመጠኑ ይበዛል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ከፍታ ቤንዚን አያንጠባጥብም። ደግሞስ ከፍታው ጠዋትም ከሰዓትም ያው አይደል?

እኔን የያዘኝ "ሩብ ሰዓት" ያልካት ነገር ናት። ሞተር ስታጠፋ በቱቦው ውስጥ የቀረ ግፊት አለ። ከጋለው ሞተር አጠገብ ያለው ቤንዚንም እየሞቀ ይገፋል። የካርቡሬተሩ መርፌ ጥርቅም አድርጋ ከዘጋች ምንም አይመጣም። ካልዘጋች ቀስ እያለ ያልፍና ወደ ሞተሩ ጉሮሮ ይንጠባጠባል። አንተ ጉዳይህን ጨርሰህ እስክትመጣ ሞተሩ ታፍኗል። ሌሊቱን ደግሞ ተንኖ ያልቃል፤ ጠዋት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ስለዚህ ካንዴላውን ተወው። የምጠረጥረው መርፌዋን ነው።

ከመጀመርህ በፊት አንድ ነገር። ካርቡሬተሩን ልትከፍት ስትል የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ሲጋራ የለም። ደግሞ እኛ ሰፈር ሁልጊዜ የሚረሳው የቡና ከሰል ነው። ቡና እየተፈላ ካለ ወይ ቡናው ይቆይ፣ ወይ መኪናዋን ራቅ አድርጋት። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ይፈልገዋል፤ እሳቱ እስኪመጣ አይጠብቅም። ባልዲ ሙሉ ደረቅ አሸዋ አጠገብህ አስቀምጥ። በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ አይደፋም።

አሁን መርፌዋ ምን እንደምትሠራ ላስረዳህ። እዚህ ላይ ወሬዬ እንደሚበዛ አውቃለሁ፣ ታገሰኝ። የውሃ ታንከርህን አስብ። ውሃ ሌሊት ይመጣል፣ ታንከሩ ይሞላል፣ ኳሷ ከውሃው ጋር ከፍ ትልና ቧንቧውን ትዘጋለች። ማንም ተነስቶ አይዘጋም። ካርቡሬተርህ ውስጥም ያው ነው። ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ሳህን አለች። በላይዋ ተንሳፋፊ፣ ፍሎት የሚሏት፣ አለች። ቤንዚኑ ከፍ ሲል ፍሎቷም ከፍ ትልና መርፌዋን ወደ መቀመጫዋ ትገፋለች። ሞተሩ ሲጠጣ ዝቅ ትላለች፣ መርፌዋ ትከፈታለች። ነዳህም አልነዳህም ሥራዋ ይኸው ነው። እንግዲህ ታንከርህ ሌሊት እየሞላ ግቢውን የሚያጨቀየው መቼ ነው? ኳሷ ተሰንጥቃ ውሃ ስትጠጣና ስትከብድ። የመዝጊያው ጎማ ሲበላ። ከጎማው ስር ጠጠር ሲገባ። ወይ ደግሞ ከመስመሩ የሚመጣው ግፊት ኳሷ ከምትችለው በላይ ሲሆን። አራት ናቸው፤ የካርቡሬተርም እነዚሁ አራቱ ናቸው። ግቢው ጨቀየ ብሎ የባኞ ቤት ቧንቧ የሚቀይር ሰው አይተህ ታውቃለህ? ያንተን ካንዴላ የቀየረው ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው።

የፎር ኬ ካርቡሬተር ደግ ነው፤ ጎኑ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለችው። ጠራርጋት። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ ሞተሩን አስነሳ። የቤንዚኑ ልክ መስታወቷ መሐል ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ከነሙቀቱ አጥፋውና ሩብ ሰዓት እያየህ ጠብቅ። ልኩ ከመሐል አልፎ ወደ ላይ ከወጣ መርፌዋ ወይ ፍሎቷ ናት፣ ተገላገልን። ልኩ ሳይወጣ ቤንዚኑ እዚያው ከፈላ ግን ነገሩ ሙቀት ነው። ከካርቡሬተሩ ስር ሙቀት የሚከለክል ወፍራም ጥቁር ማስቀመጫ አለ፤ ያ "ሰርቪስ" ያደረገልህ ሰው መልሶታል ወይ? ሳይመልሱ በቀጭን ጋስኬት (በመሐል የሚገባ ማሸጊያ) ብቻ የሚያስሩ አሉ።

ልኩ ከወጣ ኔጋቲቩን ፍታና ክዳኑን ክፈት። ብሎኖቹ ለስላሳ ናቸው፣ ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ያዝ። የፍሎቷን ፒን ስታወጣ መርፌዋ ትወድቃለች፣ ጨርቅ አንጥፍ። ጫፏን በጥፍርህ ዳብስ። ቀለበት ያለ ጭረት ካለባት አልቆላታል። በአሸዋ ወረቀት ልፋቃት እንዳትል፤ ስንት እንደዚያ የተፋቀች መርፌ መጥታልኛለች። ፍሎቷን ጆሮህ ጋ አድርገህ ነቅንቃት። ውስጧ የሚንቦጫቦጭ ነገር ካለ ተበስታለች። የነሐስ ከሆነች እሳት ከሌለበት ቦታ በሙቅ ውሃ ንከራት፤ አረፋ ከወጣበት ቀዳዳው እዚያ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚረሳትን ልንገርህ። መርፌዋ የምትቀመጥበት መቀመጫ ስር ሮንዴላ፣ ቀጭን የቀለበት ማጥበቂያ፣ አለች። እሷ ከጠፋች ወይም መቀመጫው ካልጠበቀ፣ መርፌዋ ብትዘጋም ቤንዚኑ በጎን ያልፋል። ርካሽ የካርቡሬተር መጠገኛ ኪቶች ውስጥ ሮንዴላዋ ወይ የለችም ወይ ውፍረቷ ሌላ ነው። መርፌዋም አጠር ወይ ረዘም ትላለች። ውፍረቱ ከተለወጠ የቤንዚኑ ልክም ይለወጣል። "አዲስ ነው" ማለት "ልኩ ነው" ማለት አይደለም።

ስትገጥም ክዳኑን ገልብጠው። ፍሎቷ በክብደቷ መርፌዋን ትዘጋለች። ንጹሕ ቱቦ በቤንዚን መግቢያው ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ ንፋ። አየር ካለፈ ገና ነው። የመስታወቱን ልክ የምታስተካክለው ፍሎቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ምላስ በጥቂቱ በማጠፍ ነው፤ በጣም በጥቂቱ።

ጋስኬቱ ላይ ሲሊኮን እንዳትቀባ። ቤንዚን ያበላሸዋል፤ ቁራጩም ሄዶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ያንተም ላይ ቀይ ሲሊኮን ብታገኝ አይገርመኝም።

ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ከሞላ፣ ፓምፑን እይ። ሦስት ቱቦ ካለው አንዱ ቤንዚኑን ወደ ቤንዚን ታንከሩ መመለሻ ነው። ተጣጥፎ ወይ ተደፍኖ ከሆነ ግፊቱ ይጨምራል። ኢንጀክሽን መኪና ላይ የሚገጠም ኤሌክትሪክ ፓምፕ አስረውልህ ከሆነ ደግሞ አውጣው፤ ያን ግፊት የትኛዋም መርፌ አትችለውም። ከታንከሩ ዝገት እንዳይመጣም ከካርቡሬተሩ በፊት ፊልትሮ አስገባ።

እስከዚያው መንገድ ላይ ከታፈነችብህ ቾኩን (የአየር መዝጊያውን) ክፈት፣ ነዳጅ መርገጫውን እስከ ታች ረግጠህ ያዝ፣ እንዳትደጋግም። ከ10 ሰከንድ በላይ አትምታት፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ይረፍ። ካንዴላ አውጥቶ እሳት መሞከር ግን የለም። ጉሮሮው ቤንዚን ሞልቶ ብልጭታ? ከሰሉንም እንዳትረሳ።

የዘይት መለኪያውን አውጥተህም አሽትት። ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ቀጥኗል፤ ካርቡሬተሩን ከጨረስክ በኋላ ቀይረው፣ እስከዚያ ሩቅ አትንዳት።

መርፌ ልትገዛ ስትወጣ አሮጌዋን ይዘህ ውጣ። ባለሱቁ ፊት ጎን ለጎን አስተያያቸው። እኩል ካልሆኑ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ተወው።