በስሜ ውስጥ የሌሉት አያቴ

ልጆች፣ ጡረታ የወጣሁት ባንክ ቤት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼ ነው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት እስካሁን ከዓይኔ የማይጠፋው የሒሳብ መክፈቻው ቅጽ ነው። ወጣት ደንበኛ ይመጣል፤ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ሳያስብ ይሞላል። «የእናት ሙሉ ስም» የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። የእናቱን ስም ይጽፋል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ከዚያ ስልኩን ያወጣል። «እማዬ፣ የአባባ ዋና ስማቸው ማን ነበር?» እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ተቀምጬ ስንቱን ሰማሁ!

አልፈርድባቸውም። በኛ አገር ስም የሚሄደው በአባት በኩል ነው። የእናታችሁ አባት ትከሻው ላይ አድርጎ ያሳደጋችሁ ቢሆን እንኳ መታወቂያችሁ ላይ ቦታ የለውም። እኔን ያሳደጉኝ የእናቴ አባት ናቸው፤ አባባ እላቸው ነበር። ፓስፖርቴ ላይ ያሉት ግን የአባቴ አባት ናቸው፤ እሳቸውን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፣ ነፍሳቸውን ይማር። የአባባን ስም እዚህም አልጠራውም፤ በመሬት የተሟገቷቸው ሰዎች ልጆች ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው።

አባባ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ መንደር የማይርቁ ገበሬ ነበሩ። ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን አያቴ ሽምብራ ስትቆላ እሳቸው ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። አንዲት ሽምብራ ያስቀምጡና «ይቺ እኔ ነኝ» ይላሉ። ከጎኗ ሌላ፤ «ይሄ አባቴ»። ከዚያ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት ይደረድሩና ወደኔ ይገፉታል። ስሙን በትክክል የጠራሁትን ሽምብራ አንስቼ እበላለሁ። ከተሳሳትኩ እሳቸው ይበሉታል። ሰባቱንም የበላሁ ቀን የነበረኝ ኩራት፣ በኋላ ባንክ ስቀጠር እንኳ አልነበረኝም።

አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያረረች ሽምብራ ፈልገው ነው የሚያስቀምጡት። «ይሄ በቅሎ የሰረቀው ነው» ይላሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ። አያቴ «ለልጅ እንዲህ ይወራል?» ብላ ስትቆጣቸው «ታዲያ ቆጠራ ላይ ልዝለለው?» ይሏታል።

እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ነፍስ ሳውቅ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያን ዘመን በኛ አገር ገበሬ መሬት የሚያገኘው በርስት ነው። ርስት ለማግኘት ደግሞ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት መወለድህን እየቆጠርክ ማስረዳት ነበረብህ፤ በእናትም በአባትም በኩል። ቆጠራ የማያውቅ ሰው ዳኛ ፊት አፉ ተይዞ ይቀራል። ልብ በሉ፣ ዛሬ ከስማችን የወጡት የእናት አባት ያን ጊዜ መሬት ያወርሱ ነበር። አባባ ሽምብራውን የደረደሩልኝ ለፍቅር ብቻ ብለው አይመስለኝም፤ ለምስክርነት እያዘጋጁኝ ነበር።

እሳቸው ራሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲሟገቱ ኖረዋል። በሶ በስልቻ ይዘው፣ ዱላ ትከሻቸው ላይ አጋድመው በሌሊት ወደ ደብረ ማርቆስ ይወጣሉ፤ ቀጠሮ ተለውጦ ይመለሳሉ። እልኸኛ ነበሩ። ለማመልከቻ ጸሐፊ የሚከፍሉት ሲያጡ የአያቴን ጊደር፣ ከእናቷ የመጣችውን፣ ሳይጠይቋት ሸጠዋል። አያቴ ይህን እስክትሞት አልረሳችላቸውም፤ እኔም ለሰው ሳወራ አልዘለውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ። አዋጁ ለስንቱ ጭሰኛ ቀን እንዳወጣለት አውቃለሁ፣ በዚያ አልከራከርም። የአባባ ሙግት ግን ባንድ ጀምበር ዋጋ አጣ። ከዚያ ወዲህ ሰፌዱ ላይ ሽምብራ ሲደረድሩ አላየኋቸውም። ከደብረ ማርቆስ ለዕረፍት ስመጣ «አባባ፣ ቆጠራውን ረስቼዋለሁ» አልኳቸው። «አሁን ማን ሊጠይቅህ?» አሉኝ። የአዋጁን ነገር ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ይኸው ንግግራቸው ነው።

ያረፉት ጥር 1973 ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ቅርንጫፍ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። መርዶው ሲደርሰኝ ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ ወረቀቴን አየና «የእናት አባት? የአባት ቢሆን ኖሮ...» አለኝ። እኔም ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ሥራዬን ፈራሁ። እናንተ እንዲህ እንዳታደርጉ ብዬ ነው የማወራው። ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ላይ የሚቆጠር ዘመድ ሲሞት ደመወዝ የሚከፈልበት 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። አያት አያት ነው፣ በእናትም ይሁን በአባት። ሂዱና ቅበሩ። ሪፖርቱ ይጠብቃችኋል፤ ቢዘገይም የሞተ ሰው የለም።

የደረስኩት ለአርባቸው ነው። አጎቴ ለተዝካሩ በሬ ሸጧል። ከተማ የቀመስኩ ነኝና በሆዴ «ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ ወጪ» እያልኩ ዳሱ ውስጥ ገባሁ። ዛሬም ቢሆን ለተዝካር ተበደሩ አልልም። ግን እዚያ ዳስ ባልቀመጥ ኖሮ የሚከተለውን አላይም ነበር። አባባን 20 ዓመት ያህል የተሟገቷቸው ሽማግሌ መጡ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ሽማግሌው ጠላውን ተቀበሉ፣ አልጠጡትም፣ «እንግዲህ ከማን ጋር ልሟገት?» ብለው አለቀሱ። ከዚያ የአባባን ክርክር፣ ዳኛ ፊት ኩታቸውን እንዴት እንደሚያደገድጉ፣ የጠሉትን ሰው ስም እንኳ እንዴት አሳምረው እንደሚጠሩ ቆመው አሳዩን። የገዛ ልጆቻቸው የማያውቁትን ነው ያወሩልን።

ይህን የማነሳው ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ስሰማ ስለሚያናድደኝ ነው። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ከሁሉ ተግባቢ።» ስሙን ቀይራችሁ ለማንም ብታነቡት ይሆናል። ያያችኋቸውን ሰው ጻፉ። ጊደሯን ጻፉ። ጸባቸውን ከተጣሏቸው ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ወዳጅ ያሞግሳል፣ ዝርዝሩ ያለው ባላንጣ ዘንድ ነው። ቤተሰብ መጀመሪያ ያኮርፋል። የኔ እህት ሁለት ወር አኩርፋኛለች።

የሴት ልጄ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሱም ስም ውስጥ እኔ የለሁም፤ ወጉ ነው፣ አልተቀየምኩም። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሥሉ ተብለው በስልክ ደወለልኝ። ሽምብራ የለኝ፣ ጠረጴዛው ላይ የሳንቲም ድርድር ሠርቼ በካሜራ እያሳየሁት ቆጠርኩለት። ሦስተኛው ላይ ማዛጋት ጀመረ። አራተኛውን «ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ገበሬ ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ሰባት ስም በቃሌ ይዤ ስድስቱ ሰዎች ምን እንደሚወዱ፣ በምን እንደሚናደዱ አንዳች አላውቅም።

አምስተኛው ላይ የዛገች ሳንቲም ፈልጌ አስቀመጥኩና «ይሄ በቅሎ የሰረቀው ነው» አልኩት። እናቱ ከኋላ «አባዬ!» አለች። ልጁ ሳቀና ሥዕሉ ላይ በቅሎ ጨመረበት። ሌሎቹን ስሞች ዛሬ ብትጠይቁት አንዱንም አያውቅ ይሆናል።

በሳምንቱ ራሱ ደወለ። ሰላምታም አልሰጠኝ። «አባባ፣ በቅሎዋስ? መጨረሻ ላይ ምን ሆነች?»

አላውቅም። አያቴም አልነገሩኝም፤ እኔም ያረረችውን ሽምብራ ቶሎ በልቼ ወደ ስድስተኛው ለማለፍ ስቸኩል አልጠየቅኋቸውም።