የሚመለስበት ነዳጅስ?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። ሥራ ከያዘች ስድስት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ ስብሰባ ላይ ያልገባኝን ብጠይቅ ይንቁኛል?» አለችኝ። «ጠይቂ እንጂ!» ልላት አልኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ያ ልጅ ትዝ አለኝ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎ ውስጥ ታሪክ አስተምር ነበር። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ጎረምሳ ነኝ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ስደርስማ የሚችለኝ የለም። በተለይ ሰሜን አፍሪካ የዘመተው የጀርመን ጦር፣ አፍሪካ ኮር! አዛዡ ሮሜል፣ «የበረሃው ቀበሮ»፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1941 ሊቢያ፣ ትሪፖሊ ገባ። ጃንሆይ በኦሜድላ በኩል አገራቸውን ከረገጡ ገና አንድ ወር አልሞላቸውም ነበር። ከረን ላይ በእንግሊዝ ሥር ሆነው ከጣሊያን ጋር የተዋጉት የሕንድ ወታደሮችም ኋላ እሱን ሊገጥሙ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተመልሰዋል። ይህን ግን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም። በዚያ ዘመን ጃንሆይን ማንሳት... ይቅር።

ሰሌዳው ላይ ካርታ ሣልኩ። በቀይ ጠመኔ ከትሪፖሊ ተነሥቼ፣ በቤንጋዚና በቶብሩክ አድርጌ፣ ግብፅ ውስጥ እስካለችው ኤል አላሜይን ወፍራም ቀስት ጎተትኩ። በጁን 1942 ቶብሩክን ያዘ፣ ሂትለር ፊልድ ማርሻል አደረገው፣ እስክንድርያ ሊገባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቀረው አልኩ። የሂትለርን ጦር እንደዚያ ማሞካሸቴ ዛሬ ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ክፍሉ ጸጥ ብሎልኝ ነበር።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ አሰብ የሚመላለስ የፊያት ተሳቢ ሹፌር ነው። ልጁም ክረምት ክረምት ከረዳቱ ጋር ይሄዳል። ዓይኑን ከቀስቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደና፣ «ቲቸር፣ ነዳጁን ግንባር ያደረሰው መኪና የሚመለስበትን ከየት ያመጣል?» አለኝ።

«እዚህ ጋራዥ አይደለም፤ ቁጭ በል!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም አብሮ ሊስቅ ሞከረ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ «ጋራዥ» ሲሉት ከረሙ። እጁን ዳግም ሲያወጣ አላየሁም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልሱን አላውቀውም ነበር። ከዓመታት በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ከትሪፖሊ እስከ አላሜይን ያለው መንገድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር አያንስም። መኪኖቹ ከሚጭኑት ነዳጅ ቀላል የማይባለውን ራሳቸው ይጠጡት ነበር። ወደፊት በገፋ ቁጥር ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። በባሕር የሚመጣውንም ማልታ ደሴት ላይ የሰፈሩት እንግሊዞች እያደኑ ያሰጥሙታል። በኦገስት 1942 መጨረሻ እዚያው አላሜይን አቅራቢያ፣ አላም ሃልፋ ላይ የመጨረሻ ዕድሉን ሲሞክር ነዳጅ አጥሮት ወደኋላ ተመለሰ። በኦክቶበር 23 የእንግሊዙ ጄኔራል ሞንትጎመሪ አላሜይን ላይ ትልቁን ውጊያ ሲጀምር ራሱ ሮሜል ሕክምና ላይ ነበር፤ የተካው ጄኔራል በማግስቱ በልብ ድካም ሞተ። እኔ ይህን እንደ ዋና ነገር አወራ ነበር፤ ወሬው ይጥማላ! የኮሩ ርዝራዥ በሜይ 1943 ቱኒዚያ ላይ እጁን ሰጠ። ያ ልጅ ይህን ሁሉ ከአባቱ ጋቢና ሆኖ አይቶታል።

ለልጅቷ «ጠይቂ» አልኳት። «ግን መጀመሪያ የአለቃሽን ጠባይ እዪ» ብዬ ጨመርኩ። ያፈረስኩት መሰለኝ። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሁሉን ስልካችሁን ነው የምትጠይቁት። ስልክ አይስቅባችሁም፣ ልክ ነው። ብቻ ሰው ሳይጨርስ «ገባኝ፣ ገባኝ» ማለት አብዝታችኋል። ቁጭ በል ያልኩት ሰውዬ እኔ ሆኜ ይህን መናገሬም ይገርማል።

የዚያ ዓመት ፈተና ላይ «ሮሜል ለምን ተሸነፈ?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ቃል በቃል ገለበጠው፦ «ሞንትጎመሪ በታንክ ብዛት ስለበለጠው።»

ከአሥር አሥር ሰጠሁት።