የጅማ መንገድና የድሮ መኪኖች፤ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ባለፈው እትም ስለ ፈረንጅ አራዳ አሮጌ ቤቶች ጽፈን ነበር። የመጡት ጥያቄዎች ግን አብዛኞቹ የቤት አይደሉም፣ የመኪናና የመንገድ ናቸው። ደስ ብሎናል። ጅማ ውስጥ ስለ ድሮ መኪና ማውራት የሚወድ ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ሻይ ቤት ቁጭ ያለ ሁሉ ስለ ጊቤ ቁልቁለት አንድ ታሪክ አያጣም። እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ።

«የባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ ከቆጪ። ሁለት ተሳፋሪዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በባቡር ተጭኖ ነው አለ። ሌላው የለም፣ እየተነዳ ነው አለ። ማን ረታ?»

ሁለተኛው ረታ። በእርግጥ እየተነዳ ብቻ አይደለም፣ እየተገፋና እየተጎተተም ነው።

ጊዜው 1900 ዓ.ም. ነው። ቢድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ይዞ ለአፄ ምኒልክ ሊያደርስ ከባሕሩ ጠረፍ ተነሳ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቶበታል። ስለዚህ በባቡር ተጭኖ አዲስ አበባ መግባት የሚባል ነገር በዚያን ዘመን አልነበረም።

አሁን አንተ ባጃጅህን ይዘህ ከመርካቶ ወደ ጅሬን ስትወጣ አንድ ጉድጓድ ቢገጥምህ ምን እንደምትል አስብ። ሰውዬው የገጠመው በረሃ፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ የወንዝ አፋፍና ለበቅሎ እግር የተሠራ ቀጭን መንገድ ነው። ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ከፊት፣ የሚገፋ ሰው ከኋላ ያስፈልጋል። ነዳጅ የሚሸጥ የለም፣ ጎማ የሚለጥፍ የለም። ቡልዶግ ውሻውም አብሮት ነበር። ያም ሆኖ ገባ። ንጉሡም መኪናዋ ላይ ወጥተው ሄዱባት፤ ለአዲስ ነገር የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ ናኬ የተባለ የሀገሩን መኪና ይዞ ደረሰ። ሁለት ሀገሮች ማን ቀድሞ ምኒልክ ፊት ይደርሳል እንደማለት ነው። ለእኔ በኢትዮጵያ ምድር የተደረገ የመጀመሪያው የመኪና እሽቅድምድም ይሄ ነው፤ ሰንደቅ የሚያውለበልብ ዳኛ ባይኖረውም።

«ታዲያ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የመኪና ውድድር ነበር እንዴ? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ፣ ከአጋሮ።»

ነበር፤ እንዲያውም ያበደበት ጊዜ ነው። ቤንትሊ ወደኛ ጉዞ በጀመረበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1907 ሁለት ትልልቅ ነገሮች ሆነዋል። እንግሊዝ ሀገር ብሩክላንድስ የተባለው ለመኪና ውድድር ተብሎ የተገነባ የመጀመሪያው ሜዳ ተከፈተ። ደግሞ ከፔኪንግ (ከዛሬዋ ቤጂንግ) እስከ ፓሪስ የተደረገው ውድድር አለ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ከኛ ታሪክ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ለ ማተን የሚባል የፈረንሳይ ጋዜጣ «ከፔኪንግ ፓሪስ ድረስ በመኪና የሚመጣ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 10 ቀን አምስት መኪኖች ተነሱ። ያሸነፈው ሺፒዮኔ ቦርጌዜ የሚባል የጣሊያን መስፍን ሲሆን የነዳው ኢታላ የተባለ መኪና ነው፤ ኦገስት 10 ቀን ፓሪስ ገባ። በሁለት ወር ማለት ነው። አብረውት መካኒኩ ኤቶሬ ጉዊዛርዲና ጋዜጠኛው ሉዊጂ ባርዚኒ ነበሩ። ሳይቤሪያ ላይ የእንጨት ድልድይ ሲሻገሩ ድልድዩ ተሰብሮ መኪናው ከነሰዎቹ ወደ ታች ገባ። አውጥተው ቀጠሉ። በኋላ ደግሞ የእንጨት ጎማው ተሰበረ። አንድ የሩሲያ ገጠር አናጢ በመጥረቢያ እየጠረበ አዲስ ሠራላቸው፣ በዚያች ጎማ ነው መንገዳቸውን የቀጠሉት።

ልብ በል፣ ቦርጌዜ ያሸነፈው ፈጣን ሞተር ስለነበረው ብቻ አይደለም። አስቀድሞ መንገዱን በፈረስ ሄዶ አጥንቶ ነበር፣ ጠባብ ቦታዎችን ለክቶ፣ ነዳጅ በየቦታው እንዲቀመጥለት አድርጎ ነበር። የዛሬ የጅማ አውቶቡስ ሹፌርም ይህን ይረዳዋል። መንገዱን ያወቀ ይቀድማል።

«አያቴ የጅማን መንገድ ጣሊያን ነው የሠራው ይላሉ። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ ከጣሊያን በፊት ተጀምሯል ይላሉ። ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ ሆኗል። አስታርቁን። ከበቾ ቦሬ።»

ሁለቱም ሽማግሌዎች እውነት አላቸው። ይህን ጥያቄ በሰፊው ልመልስ፤ ለጅማ ሰው ከዚህ የበለጠ የመኪና ታሪክ የለም።

አባ ጅፋር በነገሡበት ዘመን ሂርማታ ገበያ የደቡብ ምዕራቡ ሁሉ መገናኛ ነበር። ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ በበቅሎና በአህያ ይሄዳል። ጨውና ጨርቅ ይመጣል። ነጋዴው ጊቤ ሲሞላ ወንዙ ዳር ሰፍሮ እስኪጎድል ይጠብቃል። ክረምት ማለት ንግድ የሚተኛበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ ቡናው የዓለም ገበያ እየጎተተው ሲመጣ ቡናውን በበቅሎ ጀርባ ማውጣት እንደማያዋጣ ለመንግሥትም ለነጋዴም ግልጽ ሆነ። ስለዚህ ከወረራው በፊት በነበሩት ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የመኪና መንገድ ተጀመረ። ሐጂ ያሉት ይሄን ነው።

ከዚያ በ1928 ዓ.ም. ወረራው መጣ። ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ሂርማታ ላይ ዛሬ የምናየውን የከተማ መልክ ዘረጋ፣ መንገዱንም ለጦር መኪና እንዲሆን አድርጎ ሠራው፤ ድልድዩን፣ የድንጋይ ግንቡን፣ የውኃ መውረጃውን። አያትህ ያሉት ይሄን ነው። ድንጋዩን የፈለጠውና የተሸከመው ግን የሀገሬው ሰው ጭምር መሆኑ መረሳት የለበትም። ስለዚያ መንገድ ሲወራ ሁልጊዜ የመሐንዲሱ ጣሊያንነት ይነሳል፣ የሠራተኛው ላብ አይነሳም። ይሄ ያሳዝነኛል።

መንገዱ ጦርነትም አይቷል። በግንቦት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አበልቲ በኩል ጊቤን ለመሻገር ከጣሊያን ጋር ተዋጋ። ሰኔ 14 ቀን ጅማ ተያዘች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መንገዱ ጠጋኝ አጥቶ ተጎዳ። ቡና የጫነ ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲቀር ሠራተኛው በአካፋ እየቆፈረ፣ ቅጠል እያነጠፈ ያወጣዋል።

መልሶ ያስነሳው ገንዘብና ተቋም ነው። መስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ገንዘቡ የመጣው ቡና የሚወጣባቸውን መንገዶች ለማስነሳትም ጭምር ነው፤ የኛም መንገድ ከነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ አያትህንም ሐጂንም አንድ ላይ ቁጭ አድርግና ቡና አፍላላቸው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ጨርሶታል፣ የፈረሰውን ሦስተኛው ጠግኖታል። ይህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ የአንድ ሰው ወይም የአንድ መንግሥት ሥራ ነው የሚል ሰው ከገጠማችሁ አትመኑት።

«ነፍሱን ይማረውና አባቴ የትሬንታ ኳትሮ ረዳት ነበር። በኋላም በኤን ትሬ ሠርቷል። ምን ዓይነት መኪኖች ነበሩ? ልጆቼ ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። እናት ነኝ፣ ከሰርቦ።»

እትዬ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው። ለልጆችዎ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው።

ትሬንታ ኳትሮ ፊያት 634 ናት። እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣች፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ያላት ከባድ የጭነት መኪና ነች። ፍጥነቷ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ሰው በእግሩ ይቀድማታል። ኤን ትሬ ደግሞ ፊያት 682 ኤን 3 ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ፣ አፍሪካ ውስጥ በጥንካሬው ስም ያተረፈ። ዛሬም ድረስ የሚሠራበት አለ።

ሁለቱም መሪያቸው በቀኝ ነው። ጣሊያኖች መንገዱን ቀኝ ይዘው እየነዱ የከባድ መኪናቸውን መሪ ግን በቀኝ ያደርጉ ነበር። ሹፌሩ በመስኮቱ ዝቅ ብሎ ሲያይ ጎማው ከገደሉ ጠርዝ ስንት ጣት እንደቀረው ይታየዋል። ተራራ መንገድ ላይ ይህ ነፍስ ያድናል። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ግራ ይዛ ነበር የምትነዳው። በዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተዛወርን። ከዚያ ወዲህ ባለ ቀኝ መሪ ከባድ መኪና የሚነዳ ሹፌር ሌላ መኪና ሊቀድም ሲል ከፊቱ የሚመጣውን በደንብ አያይም። ስለዚህ ረዳቱ በግራ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ክፍት ነው፣ ሂድ!» ይለዋል። የብዙ ሰው ሕይወት በዚያች ቃል ላይ ነበረች።

አባትዎ የሠሩበት ሌላው ትልቁ ሥራ ታኮ ነው። ከወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ከዚያም ወደ አበልቲ የሚወጣውን ዳገት ያስቧቸው። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ሞተሩ ከደከመ ወይም ራዲያተሩ ከፈላ ይቆማል። ፍሬኑ ብቻውን አይይዘውም። ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ይወርዳል፣ ከኋላ ጎማው ሥር ከባዱን የእንጨት ታኮ ይወረውራል። በትክክል ካልገባ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እጅ የሚቆረጠው፣ እግር የሚደቀው እዚያ ጋ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይባላል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዘው ካላደረገ፣ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉን ቢረግጡትም አልይዝ ይላል። ጊቤ የወሰዳቸው ብዙ መኪኖች ታሪካቸው ይሄ ነው።

ስለዚህ እትዬ፣ አባትዎ «ረዳት ብቻ» አልነበሩም። ቦርጌዜን ፓሪስ ያደረሰው መካኒክ ስሙ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ የጊቤ ረዳቶች ስም ግን የትም አልተጻፈም። እርስዎ ይጻፉት። ስማቸውን፣ የመኪናዋን ዓይነት፣ ከማን ጋር እንደሠሩ፣ ከየት ወዴት እንደጫኑ፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ።

«ኢትዮጵያ ራሊ ነበራት? የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ።»

ነበራት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ኢትዮጵያን ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ይደረግ ነበር። በጎረቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ አለ፤ ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ሦስት ጊዜ ያሸነፈበት። ጭቃ፣ አቧራ፣ ኮረኮንች፣ ድንገት መንገድ ላይ የሚገባ ከብት፣ ያው የኛው መንገድ ነው። ዛሬ ዕድሉን ያጣነው ሹፌር አጥተን አይደለም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

«አያቴ ከካሚዮን ጎን ቆመው የተነሱት ፎቶ አለን። እየደበዘዘ ነው። ምን እናድርግ? ከመንደራ።»

መጀመሪያ ላሚኔት አታስደርጉት። ሙቀቱና ፕላስቲኩ ይጎዳዋል፣ በኋላም አይላቀቅም። ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አውርዱት። በስልክ የምታነሱት ከሆነ ከመስታወቱ አውጡት፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ፍላሽ ሳታበሩ በቀን ብርሃን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ጀርባውንም አንሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ወይም የተጻፈ ቀን ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ስም መጻፍ ከፈለጋችሁ በእስክሪብቶ አይሁን፣ በለስላሳ እርሳስ በጀርባው ጠርዝ ላይ ይሁን።

ከዚያ ፎቶውን ትልቅ አድርጋችሁ እዩ። ታርጋው ይነበባል? መሪው በየት በኩል ነው? ከኋላ የሚታየው ቤት ጣሪያው ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ? መሬቱ አስፋልት ነው ወይስ ጭቃ? እነዚህ ዘመኑን ለመገመት ይረዳሉ። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ስልካችሁን ቅጂ ላይ አድርጋችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። «ታሪክ ንገረን» አትበሏቸው፣ ይጨነቃሉ። «ጊቤ ላይ ስንት ቀን አደራችሁ? የት በላችሁ? ማን ነዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮፒውን ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን፤ ዋናው ግን ከቤታችሁ አይውጣ።