እኩለ ሌሊት ላይ የተጠየቀ ጥያቄ

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ምሽት የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ብቻውን ይስቅ ነበር። ምን እንዳሳቀው ብጠይቀው ስልኩን አቀበለኝ። ዘጠኝ ጓደኛሞች የሚጫወቱበት የመልእክት ቡድን ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በእግር ኳስና በፈተና ወሬ መካከል፣ አንደኛው ልጅ «ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው እንዴ?» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ተረቡ ወረደ። «አንተን ላየ መልሱ አይጠፋውም።» «ከእንቅልፍ በፊት ነው ወይስ ከእንቅልፍ በኋላ?» «ተኛ እባክህ፣ ነገ ሒሳብ አለ።» የሳቅ ምልክቶች ተደረደሩ፣ ወሬውም ወደ ኳሱ ተመለሰ። ጠያቂው ሌላ ቃል አልጻፈም።

የእህቴን ልጅ ያሳቀው ሁለተኛው መልስ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ከጥያቄው ላይ አልነሣ አለኝ። ከ30 ዓመት በላይ በሥነ ልቦና አማካሪነት ስሠራ ይህን ጥያቄ ከብዙ አንደበት ሰምቼዋለሁ፤ ሰው ደልቶት ሲጠይቀው የሰማሁት ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለዚያ ልጅም፣ ለጓደኞቹም፣ እንደ እነሱ ሌሊቱን በስልክ ለምታጋምሱ ሁሉ እጽፋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ መበሻሸቅን አልነቅፍም። ጓደኛሞች የሚተራረቡት ስለሚተማመኑ ነው። ማንም ማንንም የማይነካበት፣ ሁሉም ቃሉን እየመዘነ የሚጽፍበት ቡድን ገና ያልተዋወቁ ሰዎች ስብስብ ነው። በተረብ ውስጥ «አውቅሃለሁ፣ ደግሞም እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ» የሚል ትልቅ ቃል አለ። ይህን የሚያህል ቅርበት ያለው ሰው ሀብታም ነው።

ጥያቄው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ታላላቅ ሰዎችን ያከራከረ ነው። በጥንቷ ቻይና፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈላስፋው ሜንሲየስ ሰው መልካም ሆኖ ይፈጠራል ብሎ ያስተምር ነበር። ማስረጃው ቀላል ነው፦ አንድ ሕፃን ጉድጓድ ውስጥ ሊወድቅ ሲል በድንገት ያየ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ልቡ ይደነግጣል። የሚደነግጠው ከወላጆቹ ውለታ ፈልጎ አይደለም፤ ስሙ በጎረቤት እንዲመሰገንም አይደለም። ከእሱ በኋላ የመጣው ሹንዚ በበኩሉ ሰው ይዞት የሚወለደው ቅናትና ስግብግብነትን ነው፣ መልካምነት በትምህርትና በልፋት የሚገኝ ነው አለ። ከብዙ ዘመን በኋላ በአውሮፓ ፈላስፎቹ ቶማስ ሆብስና ዣን ዣክ ሩሶ ይህንኑ ክርክር በሌላ መልክ አነሡት። ዛሬም አልተቋጨም።

እኔ ከሜንሲየስ ምሳሌ ውስጥ ሁልጊዜ የምትመልሰኝ አንዲት ቃል ናት፦ «ያየ»። ሰውየው ሕፃኑን አይቶታል። ባያየውስ? ስለ ሕፃኑ በወሬ ቢሰማስ? ወይም ደግሞ ስሙ በስልክ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ቢመጣለትስ?

እ.ኤ.አ. በ1961 ስታንሊ ሚልግራም የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙከራ ጀመረ። ተራ ሰዎችን እየጠራ፣ በሌላ ክፍል የተቀመጠ ሰው መልስ በተሳሳተ ቁጥር የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጡት፣ መጠኑንም እየጨመሩ እንዲሄዱ አዘዛቸው። ንዝረቱ የውሸት ነበር፤ ተቀጪውም እንዲያስመስል የተነገረው ሰው ነበር። ታዛዦቹ ተሳታፊዎች ግን ይህን እንዳያውቁ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ እጃቸው ማብሪያው ላይ ያለው እነሱ ናቸውና። በመጀመሪያው ዙር ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 450 ቮልት ድረስ ሄዱ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመውና «በቃ፣ ሰው ክፉ ነው» ይላል። በሙከራው ላይ ከባድ ትችት እንደቀረበበት አውቃለሁ፤ ሰዎችን ማታለሉና ማስጨነቁ ዛሬ የሚፈቀድ አይደለም፣ ከተሳታፊዎቹም ንዝረቱን የተጠራጠሩ ነበሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰዎች ሳያነብቡ የሚያልፉት ቀጣዩ ክፍል ነው። ሚልግራም ሙከራውን በየመልኩ ደጋገመው። ተቀጪው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ዓይን ለዓይን በሚተያዩበት ሲቀመጥ፣ እስከ መጨረሻ የሄዱት ወደ 40 በመቶ ወረዱ። እጁን ይዘው ንዝረቱ የሚሰጥበት ሰሌዳ ላይ እንዲያስቀምጡ ሲታዘዙ ደግሞ 30 በመቶ ብቻ ሆኑ። ሰዎቹ ያው ተራ ሰዎች ናቸው፣ ተፈጥሯቸውም ያው ነው። የተለወጠው በእነሱና በሌላው ሰው ፊት መካከል ያለው ርቀት ነው።

እናንተ የምትጫወቱበት ቦታ ፊት የሌለበት ቦታ ነው። ይህን የምለው ስልክን ለማውገዝ አይደለም፤ እኔም ስልኬን ከእጄ አላርቅም። ነገር ግን በአካል ስትተራረቡ ቃሉ ከአፋችሁ እንደወጣ የጓደኛችሁን ፊት ታያላችሁ። ከንፈሩ ፈገግ ብሎ ዓይኑ ካልሳቀ ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ ትከሻውን መታ አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። በጽሑፍ ግን ይህ ሁሉ የለም፣ የሌለ መሆኑም አይታወቃችሁም። ተመራማሪው ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የሽሙጥና የቁም ነገር አረፍተ ነገሮችን ለሌላ ሰው እንዲልኩ አደረጉ። ላኪዎቹ 78 በመቶ ያህሉን ተቀባዩ በትክክል ይለይልናል ብለው ገመቱ። በድምፅ ሲሆን ግምታቸው ብዙም አልሳተም። በኢሜይል ሲሆን ግን የተለየው 56 በመቶው ብቻ ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይሻልም። ጸሐፊው የራሱ ድምፅ በጆሮው ስለሚሰማው ሌላውም የሚሰማው ይመስለዋል።

ይህ ችግር ገና ከጅምሩ ታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ስኮት ፋልማን የተባለ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ቀልድ የሆነውን ከቁም ነገር ለመለየት ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ አስከትሎ የፈገግታ ፊት መሥራትን ሐሳብ ያቀረበው በጽሑፍ መልእክት ላይ ቀልዱ እየጠፋ ሰዎች ስለተቸገሩ ነው። ዛሬ ምልክቶቹ ሞልተዋል። ስለ እነሱ ግን ከሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ባለታሪኳ እንዳትለይ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ።

አንዲት ተማሪ እንቅልፍ አጥታ ወደ እኔ መጣች። ስትናገር ትንሽ ትንተባተባለች። አንድ ቀን ለጓደኞቿ ቡድን የድምፅ መልእክት ላከች፤ ከመካከላቸው አንዱ የተንተባተበችበትን ቦታ ቆርጦ፣ ደጋግሞ ቀጥሎ፣ ዘፈን አስመስሎ መለሰው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እየገፋች አሳየችኝ። የሳቅ ምልክት፣ የሳቅ ምልክት፣ የሳቅ ምልክት። ከምልክቶቹ መካከል አንዱ ላይ ጣቷ ቆመ። «ይህ የእኔ ነው» አለችኝ። እሷም ስቃለች። ካልሳቀች «ቀልድ አታውቅም» ትባላለች፣ ስለዚህ እያለቀሰች የሳቅ ምልክት ላከች። ዘፈኑን የሠራው ልጅ ደግሞ ምልክቷን ሲያይ እንደወደደችው ቆጠረና በማግስቱ ሁለተኛ ዘፈን ሠራ። በኋላ ሲነገረው ደነገጠ፤ ድንጋጤው እውነተኛ ነበር። ያን ልጅ ክፉ ነው ብዬ ለመፍረድ አንደበቴ አይደፍርም። ያደረገው ነገር ግን ክፉ ነበር፣ ይህንንም አላለዝብም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ልጅቷ ከዚያ በኋላ ለወራት በክፍል ውስጥ እጇን አላወጣችም።

በዚያ ቡድን ውስጥ የነበሩት ሌሎቹ ስድስት ልጆችስ? ከእነሱ ሁለቱ ነገሩ እንዳልጣማቸው ቆይተው ነግረዋታል፣ ግን ለየብቻ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። እዚህ ላይ ወደ ሚልግራም ልመለስ። ከሙከራው ዙሮች በአንዱ ከተሳታፊው ጎን ሁለት ሌሎች ሰዎች አብረው እንዲቀመጡና በመካከሉ «እኛ ከዚህ በላይ አንቀጥልም» ብለው እንዲነሡ አደረገ። ከ40 ሰዎች እስከ መጨረሻ የሄዱት 4 ብቻ ሆኑ። እነዚያ ሁለቱ ንግግር አላደረጉም፣ ማንንም አልሰደቡም፤ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ያ በቂ ሆነ። በእናንተም ቡድን አንድ ሰው «ይሄስ ይቅር» ብሎ ቢጽፍ ምን ያህል ጣት ከስልኩ ላይ እንደሚነሣ ብታውቁ ትገረማላችሁ። ብዙዎቹ የሚጠብቁት ቀድሞ የሚጽፍ ሰው ነው።

ወጣቶች ብቻቸውን ሲተዉ እርስ በርስ ይበላላሉ ለሚሉም እ.ኤ.አ. በ1965 የሆነውን አነሣላቸዋለሁ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ካለችው ቶንጋ በጀልባ የወጡ ስድስት ተማሪዎችን ማዕበል ወስዶ ሰው በማይኖርባት አታ በተባለች ደሴት ላይ ጣላቸው። ፒተር ዋርነር የተባለ አውስትራሊያዊ የመርከብ አዛዥ ያገኛቸው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። እሳታቸውን ሳያጠፉ ጠብቀዋል፣ እግሩ የተሰበረውን ጓደኛቸውን ጠግነው አድነዋል። ይጣሉም ነበር። ሲጣሉ ግን የተጣሉት ሁለቱ በየአቅጣጫው ሄደው ንዴታቸው እስኪበርድ ይቆዩና ተመልሰው ይቅር ይባባላሉ። እኔ የእነዚህን ልጆች ደግነት ከተፈጥሯቸው ይልቅ በዚህች ሥርዓታቸው ውስጥ አየዋለሁ፤ ሹንዚም ቢያያቸው ደስ የሚለው ይመስለኛል።

አሁን ወደዚያ ልጅ። «ሰው ክፉ ነው እንዴ?» የሚል ሰው አንዳንዴ ተጎድቶ ነው፤ ያመነው ሰው ከድቶታል። አንዳንዴ ደግሞ እሱ ራሱ አንድ ነገር አድርጓል፣ ያደረገውም አስፈርቶታል፤ ስለ ሰው እያለ የሚጠይቀው ስለ ራሱ ነው። ይህ ሁለተኛው በእኔ ክፍል ውስጥ ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ጊዜ ገጥሞኛል። ለሁለቱም የፍልስፍና መልስ አይቸኩልም። «ምን ሆነህ ነው?» የምትለዋ ይበቃል፣ እሷም ዘጠኝ ሰው በሚያይበት ቦታ ባትሆን ይመረጣል።

ያን ምሽት የእህቴን ልጅ «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ምንም አልሆነም ጋሼ፣ እሱ እንዲህ ነው» አለኝ።

ስልኩን መልሼ ሰጠሁትና ከጥያቄው በላይ ያለውን እንዲያይ ነገርኩት። ሁለት መስመር አለ፦ «ይህ መልእክት ተሰርዟል»፣ «ይህ መልእክት ተሰርዟል»። ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ልጁ ሁለት ጊዜ ሌላ ነገር ጽፎ አጥፍቶታል። የእህቴ ልጅ እነዚያን መስመሮች ሌሊቱን አላያቸውም፤ ሌሎቹም አላዩአቸውም። አሁን ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ምንም ሳይለኝ ተነሣና ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ በረንዳው ወጣ። በሩን ከኋላው ሲዘጋ «አልተኛህም እንዴ?» ሲል ሰማሁት።